ፍሬት የሌለው ቤዝ ጊታር፦ አመራረጡና አጨዋወቱ

ማሲንቆ ፍሬት፣ ማለትም በጊታር አንገት ላይ በአግድም የሚተከሉት ስስ ብረቶች፣ የለውም። አዝማሪው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚያመለክተው መስመርም ነጥብም የለም፤ ጆሮው ካልነገረው ማንም አይነግረውም። አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝ የሚጫወቱ ወጣቶች ፍሬት የሌለውን ቤዝ «የውጭ አገር ጃዝ ተጫዋቾች መሣሪያ» ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ያደግንበት ዜማ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተት ዜማ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጆሮ ይህ መሣሪያ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን ሲገዙት ካልተጠነቀቁ፣ ሲጀምሩትም ካልታገሡ ያስለቅሳል። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ።

በመደበኛው ቤዝ ላይ ክሩ የሚያርፈው በፍሬቱ ብረት ላይ ነው። ጣትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀር ብረቱ ያርመዋል። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤሌክትሪክ ቤዝ «ፕሪሲዥን»፣ ማለትም ትክክለኝነት፣ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ ሲነሣ ክሩ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይወድቃል፤ ስሕተቱም ውበቱም የጣትዎ ይሆናል። አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1966 ፍሬት የሌለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ አቀረበ፤ ፌንደር በ1970 ተከተለ። ዓለም ድምፁን ለይቶ ያወቀው ግን በአሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች በጃኮ ፓስቶሪየስ እጅ ነው። እርሱ ይጫወትበት የነበረው ፍሬቶቹ ተነቅለው ቦታቸው የተደፈነ፣ የጣት ሰሌዳው (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ገጽ) ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ የተቀባ የ1962 የፌንደር ጃዝ ቤዝ ነበር።

ስለ ድምፁ ማወቅ ያለብዎት አንድ ነገር አለ፤ ግዢውንም አጨዋወቱንም የሚወስነው እርሱ ነው። በገና ሲደረደር የሚሰማውን ያንን የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ያስታውሱ። ጅማቱ ሰፊ በሆነው መቆሚያ ላይ በስሱ እየተነካካ ስለሚርገበገብ የሚመጣ ነው፤ ደርዳሪው እንዝራ የሚባሉትን ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች ከጅማቱ ሥር ወዲያና ወዲህ እያደረገ የሚያስተካክለውም ይህንኑ ንክኪ ነው። ፍሬት በሌለው ቤዝ ላይም ክሩ ከጣትዎ ፊት ያለውን እንጨት በስሱ እየዳሰሰ ይርገበገባል፤ «ምዋ» እያለ የሚዘፍን የሚመስለው ድምፅ ከዚያ ይወለዳል። እንጨቱ እኩልና ያልተጣመመ ካልሆነ ይህ ድምፅ አይወጣም፤ ወይም በአንድ ቦታ ወጥቶ በሌላው ይጠፋል።

መጀመሪያ፦ ራስዎን ይፈትኑ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በደንብ የሚያውቁትን አንድ የቤዝ መስመር ያለ መሣሪያ ያንጎራጉሩት። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ወይም የዋልያስ ባንዱን የመላከ ገብሬን አጨዋወት ማዳመጥ ለዚህ ጥሩ ነው፤ አጭር ሐረግ ይዘው ሳይታክቱ ይደጋግሙታል፣ ዝም የሚሉበትን ቦታም ያውቃሉ። መስመሩን በትክክል ማንጎራጎር ከቻሉ ጣትዎ ይማራል። ካልቻሉ ጥቂት ወራት በመዝፈን ያሳልፉ። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ በአፍ ያልተገኘ ድምፅ በጣት ስለማይገኝ ነው።

ሁለተኛ፦ መስመር ያለው ወይስ የሌለው?

ፍሬት የሌላቸው ቤዞች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንዳንዶቹ የጣት ሰሌዳ ላይ ፍሬቱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ቀጭን መስመር አለ፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ባዶው ያምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዙ ከሆነ ግን መስመር ያለውን ይግዙ፤ አይፈሩበት። በምሽት ክለብ መድረክ ላይ፣ ከበሮው ከጀርባዎ እየጮኸ የራስዎን ድምፅ በማይሰሙበት ሰዓት፣ ያ መስመር ብቸኛ ረዳትዎ የሚሆንባቸው ደቂቃዎች አሉ።

መስመር የሌለውን ከመረጡ የአንገቱን ጎን ልብ ብለው ይዩ። በአንዳንዶቹ ላይ የጎን ነጥቦቹ ልክ ድምፁ በሚገኝበት ቦታ ላይ ናቸው፤ በሌሎቹ ላይ ግን እንደ መደበኛው ቤዝ በሁለት ቦታዎች መካከል ተቀምጠዋል። ይህን ሳያውቅ የሚለማመድ ሰው ለወራት የግማሽ ድምፅን (ከአንድ ቦታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) ግማሽ ያህል እየሳተ ይጫወታል።

ሦስተኛ፦ እንጨቱና ክሩ አብረው ይታሰባሉ

ለጣት ሰሌዳ የሚመረጠው ጠንካራ እንጨት ነው። ዞጲ (ኢቦኒ) ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ነው፤ ሮዝውድ ለስለስ ይላል፣ ቶሎም ይፋቃል። እንጨቱን የሚፍቀው ክሩ ነው። ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሻካራ ክር ድምፁ ብሩህ ነው፤ ነገር ግን በተንሸራተቱ ቁጥር እንደ ሞረድ ይሠራል። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት ልሙጥ ክር እንጨቱን አይጎዳም፣ ድምፁም ወደ ኮንትራባስ ያደላል። በጥቁር ናይለን የተሸፈነው ደግሞ ከሁሉም ለስላሳ ነው።

የእኔ ምክር ለጀማሪ ልሙጥ ክር ነው። ልሙጡ ክር ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የቤዝ ክር በፈለጉት ቀን ከሱቅ በማይገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሻካራውን ክር የግድ ከፈለጉ የጣት ሰሌዳው በኢፖክሲ የተሸፈነ ይሁን።

አራተኛ፦ ሱቅ ውስጥ

ፍሬት የሌለው ቤዝ በየሱቁ ተሰቅሎ አይገኝም። ፒያሳ አካባቢ የነበሩ ብዙ የቆዩ ሱቆችም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በልማቱ ምክንያት ቦታ ቀይረዋል። ስለዚህ ከሱቅ ይልቅ ሰው ይጠይቁ፦ በብሔራዊ ቴአትርና በሀገር ፍቅር ቴአትር አካባቢ የሚሠሩ ሙዚቀኞችን፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን፣ በየሆቴሉ የሚጫወቱትን። ማን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ ማን ከውጭ እንዳስመጣ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ከውጭ የሚያመጣልዎት ዘመድ ካለም መልካም ነው፤ ሳይነኩት የገዙት መሣሪያ መሆኑን ግን አይርሱ።

መሣሪያው እጅዎ ሲገባ አይቸኩሉ። ከጭንቅላቱ በኩል ወደ ዐይንዎ አስጠግተው፣ አናጺ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያየው፣ አንገቱን እስከ ድልድዩ (ክሮቹ በግርጌ እስከሚያርፉበት) ድረስ በአንድ ዐይን ይመልከቱ። ሁለቱ ጠርዞች ትይዩ መሆን አለባቸው። አንዱ ጠርዝ ወደ ታች እየሰመጠ ከሄደ አንገቱ ተጣሟል፤ የተጣመመ አንገት በቀላሉ አይድንም። የመጀመሪያው ቤዜ እንዲህ ነበር። ሻጩ «ክሩን ሲያጠብቁት ይስተካከላል» አለኝ፤ አመንኩት። ከ9ኛው ቦታ (9ኛው ፍሬት ይሆንበት ከነበረው) በላይ ጂ የሚባለው ቀጭኑ ክር አንድም ቀን ሳይዘፍን ቀረ።

ቀጥሎ ክሮቹን ላላ አድርገው በጥፍርዎ የጣት ሰሌዳውን ከክሮቹ ሥር ወደ ጎን ይፋቁ። ጥፍርዎ ጎድጎድ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ካለ ክሩ እንጨቱን በልቶታል ማለት ነው። ጥቂት ከሆነ ባለሙያ ያለሰልሰዋል፤ ብዙ ከሆነ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይም ይተዉት።

አሁን ክሮቹን ይቃኙ፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። በእያንዳንዱ ክር ላይ ከባዶው ጀምረው ግማሽ ድምፅ ግማሽ ድምፅ እየጨመሩ እስከ 12ኛው ቦታ ይውጡ፤ እያንዳንዱን ድምፅ ይዘው አራት እየቆጠሩ ያዳምጡ። ከጎረቤቶቹ ቀድሞ የሚሞት ድምፅ ካለ ቦታውን ያስታውሱ። በብዙ ቤዞች ጂ ክር ላይ በ5ኛውና በ7ኛው መካከል እንዲህ ያለ ደካማ ቦታ ይገኛል፤ አንድ ብቻ ከሆነ አብሮ መኖር ይቻላል። በመጨረሻ አምፕሊፋየር ላይ ይሰኩት፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን ሁሉ ያዙሩ፤ ባትሪ የሚጠቀም ዓይነት ከሆነ የ9 ቮልቱ ባትሪ አዲስ መሆኑን ይጠይቁ። መብራት ከሌለ ሌላ ቀን ይመለሱ። ሳይሰኩ አይግዙ።

ፍሬት ማስነቀል

ብዙዎች የሚጠይቁት ይህ ነው፦ «ያለኝን ቤዝ ፍሬቱን ባስነቅለውስ?» ይቻላል፤ ርካሽ በሆነ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ መንገድ ነው። ሥራው ግን የጥንቃቄ ነው። ፍሬቱ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ስታኞ በሚያቀልጡበት ብረት ይሞቃል፤ ሙጫው ሲላላ በጠፍጣፋ ፒንሳ በዝግታ ከዳር ጀምሮ ይነሣል። ከተቸኮለ እንጨቱ እየተሰነጠረ ይወጣል። የሚቀረው ክፍተት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እርሱን በስቱኮ ብቻ አያስደፍኑ። ቀለሙ የተለየ ስስ የእንጨት ልጣጭ በሙጫ ገብቶ በእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ይስተካከል። ልጣጩ መስመር ይሆንልዎታል፤ ከዚያም በላይ አንገቱ ክፍተቶቹ ባዶ ሲቀሩ ወደ ፊት እንዳይጎብጥ ይደግፈዋል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፦ ፍሬቱ ሲነሣ ክሩ በፍሬቱ ቁመት ያህል ከእንጨቱ ይርቃል። ስለዚህ በጭንቅላቱ በኩል ክሩ የሚያርፍበት ጥርስም፣ ድልድዩም ዝቅ ማለት አለባቸው። አናጺው ጎበዝ ቢሆንም ይህን የሚያውቅ ቤዝ ተጫዋች አጠገቡ ይቁም።

አምስተኛ፦ ማስተካከል

አንገቱ ፍጹም ቀጥ አይደለም፤ እጅግ ጥቂት ወደ ፊት መጉበጥ አለበት። ኢ ክርን በ1ኛው ቦታና በሰሌዳው መጨረሻ ጫን አድርገው ይያዙና መካከሉ ላይ፣ 7ኛው ቦታ አካባቢ፣ በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። አንድ የአድራሻ ካርድ በጭንቅ ቢገባ ይበቃል። ክፍተቱ ከሰፋ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በልኩ ቁልፍ ወደ ቀኝ ያጥብቁ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ፣ ካዞሩም በኋላ አንገቱ እስኪረጋ ይጠብቁ።

የክሩ ከፍታ የጣዕም ጉዳይ ነው። እኔ 12ኛው ቦታ ላይ ኢ ክርን 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጂ ክርን ትንሽ ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ክሩ ዝቅ ሲል ያ የበገና ባሕርይ ይወጣል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ሲል ደግሞ ድምፁ ይታፈናል።

በመጨረሻ የድልድዩን መቆሚያዎች ያስተካክሉ። መደበኛው የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 12ኛው ቦታ ከጥርሱ 432 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ክሩን ሳይጫኑ ነክተው ብቻ የሚወጣውን የፉጨት ድምፅ፣ እዚያው ተጭነው ከሚወጣው ጋር ያስተያዩ። የተጫኑት ከፍ ካለ መቆሚያውን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይግፉት።

ስድስተኛ፦ የግራ እጅ

ፍሬት ባለው ቤዝ ጣት ከፍሬቱ ጀርባ ይቀመጣል። እዚህ ግን የጣትዎ ሥጋ መካከል በመስመሩ ላይ ልክ ይረፍ። ከልማድ የተነሣ ጣትዎ ወደ ኋላ ስለሚቀር መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ዝቅ ብሎ ይሰማዎታል። ዐይንዎም ያሳስትዎታል፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚያዩ መስመሩ ካለበት ቦታ የተዛነፈ ይመስላል። ስለዚህ ዐይን ቦታውን ይጠቁም፣ ጆሮ ይፍረድ።

ስሕተት ምን ያህል እንደሚሰማ ለማወቅ ይህን ልብ ይበሉ፦ አንድ ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ይከፈላል። ከጥርሱ አጠገብ 1 ሚሊ ሜትር መሳት 2 ሴንት ያህል ነው፤ 12ኛው ቦታ ላይ ግን ያው 1 ሚሊ ሜትር 4 ሴንት ይሆናል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጣትዎ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

በታችኛው የአንገቱ ክፍል እንደ ኮንትራባስ ተጫዋቾች በአመልካች፣ በመካከለኛና በትንሽ ጣት ይጫወቱ፤ የቀለበት ጣት ትንሹን ይደግፍ። ከአመልካች እስከ ትንሽ ጣት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ድምፁን ለማንቀጥቀጥ ሲፈልጉ ክሩን እንደ ጊታር ወደ ጎን አይጎትቱ፤ የጣትዎን ጫፍ በክሩ ርዝመት ወደ ጥርሱና ወደ ድልድዩ በዝግታ ያንከባልሉ። ማሲንቆ ተጫዋች ክሩን ወደ እንጨቱ አይጫንም፣ ይነካዋል እንጂ፤ እርስዎ ግን አጥብቀው መጫን አለብዎት፣ አለበለዚያ ድምፁ ይደፈናል።

ቀኝ እጅዎን ወደ ድልድዩ ካስጠጉ የሚዘፍነው ድምፅ ይወጣል፤ ወደ አንገቱ ካራቁ ክብና ጥልቅ ይሆናል። ሁለት ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ካለው የኋለኛውን ከፍ ያድርጉ።

ሰባተኛ፦ በቅኝት ልምምድ

የውጭ አገር የልምምድ መጽሐፎች በሜጀር ስኬል ያስጀምራሉ። እኔ በትዝታ እጀምራለሁ፤ ጆሮአችን የሚያውቀውን ድምፅ ሲስቱት ወዲያው ይሰማል። አንድ ጓደኛ በኪቦርድ ወይም በስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ኤ ድምፅን ሳያቋርጥ ይያዝልዎት። ከዚያ ትዝታ ሜጀርን እንዲህ ይጫወቱ፦ ኤ ክር ባዶውን፣ 2ኛውን፣ 4ኛውን፤ ዲ ክር 2ኛውን፣ 4ኛውን፤ ጂ ክር 2ኛውን። ሁሉም 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ስለሆኑ እጅዎ አይንቀሳቀስም። እያንዳንዱን ድምፅ ስምንት ምት ይያዙ። ከተያዘው ኤ ጋር ሲገናኝ ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ ጣትዎን በትንሹ ያንከባልሉ፤ መወዛወዙ ሲዘገይና ሲቆም ቦታው ተገኘ። በ4ኛው ምትክ 3ኛውን ቢይዙ፣ በሁለቱም ክሮች ላይ፣ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ቀጥሎ አምባሰል፦ ኤ ክር ባዶውን፣ 1ኛውን፤ ዲ ክር ባዶውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውን፤ ጂ ክር 2ኛውን። እዚህ ከባድ የሆነው ኤ ክር ላይ ያለው 1ኛው ቦታ ነው። ከጥርሱ 48 ሚሊ ሜትር ተኩል ርቆ ብቻውን የቆመ ድምፅ ነው፤ ቅኝቱም ክብደቱን የጣለው እርሱ ላይ ነው። እዚያ አንድ ሳምንት ቢቆዩ ጊዜዎ አልባከነም። አንቺሆዬን ለመጨረሻ ያቆዩት።

መብራት ሲጠፋ ልምምዱን አያቋርጡ። አገጭዎን ከቤዙ የላይኛው ቀንድ ላይ ያሳርፉና በዝግታ ይምቱ፤ ድምፁ በአጥንትዎ በኩል ጆሮዎ ድረስ ይመጣል። ከአምፕሊፋየር ይልቅ በዚህ መንገድ ስሕተቴን የሰማሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው።

ከባንድ ጋር

ኪቦርድ ወይም ቫይብራፎን ባለበት ስብስብ ውስጥ ድምፃቸው የማይንቀሳቀስ ስለሆነ እነርሱን ይከተሉ። ማሲንቆ ወይም ክራር ካለ ግን ወደ እነርሱ ይጠጉ፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ከኪቦርድ ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል፣ በመካከላቸው ቆሞ ማስታረቅ የሚችለው ፍሬት የሌለው ቤዝ ነው። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱና ሲጋጩ ለረጅም ድምፅ አይቆዩ፤ አሳጥረው ይለፉ።

በፈጣን ችክችካ ውስጥ መንሸራተት ይቀንሱ። ሁሉንም ድምፅ ካንሸራተቱ ምቱ ይጠፋል፤ ጭፈራውም ይደክማል። በሐረጉ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይንሸራተቱ፣ ሌላውን የቀኝ እጅዎን መዳፍ ጠርዝ ክሩ ላይ አሳርፈው አጭርና ደረቅ ያድርጉት። በዝግተኛ ትዝታ ግን መንገዱ ሁሉ የእርስዎ ነው።

መድረክ ላይ አምፕሊፋየሩን ከጉልበትዎ ሥር አይተዉት፤ ወንበር ላይ ወይም ሣጥን ላይ አስቀምጠው ወደ ጆሮዎ ያዘንብሉት። ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ሲፈተሽ ባዶ ዲን በ5ኛው ቦታ ካለው የኤ ክር ዲ ጋር፣ ባዶ ኢን በ7ኛው ቦታ ካለው የኤ ክር ኢ ጋር ያስተያዩ፤ በመካከል ሲጠፋብዎትም ባዶ ክር መትተው ይመለሱ። በየሳምንቱ አንድ ልምምድ በስልክዎ ይቅዱና በማግሥቱ ያዳምጡት፤ በተጫወቱበት ሰዓት ደኅና የመሰለው ሁሉ ደኅና አይደለም።

ከተጫወቱ በኋላ ክሮቹንና ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ያልተቀባ እንጨት ከሆነ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለእንጨት የሚሆን ዘይት በስሱ ይቀቡት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲበረታ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ አየሩ ሲደርቅ፣ ያንን የአድራሻ ካርድ አውጥተው የአንገቱን ክፍተት እንደገና ይለኩ።